በጫማ የተኛሁባት ሌሊት

ወሽመጡ ጠባብ ነው፤
በጀልባ ሲሻገሩት ሩብ ሰዓት አይሞላም፤
እኔ ግን አሥራ ስምንት ዓመት አንዴም አልሄድኩም።
ወዲህ ማዶ ደወል፣ ወዲያ ማዶ አዛን፣
ድምፅ ከድምፅ ጋር ውኃ ላይ ሲሳለም እየሰማን
እኛ ሳንተያይ፣ አምቦን ላይ፣ በአንድ ዝናብ አደግን።

አባቴ «እነሱ» ይላል፤ ስም አይጠራም።
አጎቴ በእሳቱ ዓመት ወጥቶ አልተመለሰም፤
ስለዚህ እኛ ቤት «እነሱ» ተራ ቃል አልነበረም።

ከዚያ ወረቀት መጣ፦ የወጣቶች መርሐ ግብር፣
ሁለት ቀን አዳራሽ፣ ሦስት ሌሊት እንግድነት በማያውቁት ሰፈር።
እውነቱን ልናገር፦
ለሰላም አልሄድኩም፤ አበል አለው ስላሉ፣
ምሳው ዓሣ ነው ስላሉ። እዚያ የነበሩትም ሁሉ
ለአበሉ ነበር የመጡት፣ ጥቂቶች ሲቀሩ።

በመጀመሪያው ቀን ባለቀለም እስክሪብቶ ታደለን፤
«ከወዲያ ማዶው ሰው የምትፈሩትን ጻፉ» ተባልን።
ሠላሳ ወረቀት ተሰበሰበ፤ ሃያ ዘጠኙ «ምንም» ይላል።
አንዱ ላይ ብቻ፣ በአረንጓዴ፣ «ሌሊት ይመጣሉ» ተብሏል።
እጅ ጽሑፉ የኔ አይደለም፤ ፍርሃቱ ግን የኔ ነበር።
ማን ከውስጤ ሰርቆ እንደጻፈው፣ ዋልኩ ከፊት ፊት ስሻገር።

ዕጣ ወጣ፦
ሩስዲ ወደኛ ቤት፣
እኔ ዶሚንጉስ ወደ ሩስዲ አባት።

ከነጫማዬ ተጋደምኩ፣ ቦርሳዬን ተንተርሼ፣
በሩን በዓይኔ ለክቼ፣ የመስኮቱን መቀርቀሪያ ዳብሼ።
ከጓዳ የደረቀ ቅርንፉድ ይሸታል፤
የእናቴም ጓዳ እንዲሁ ነው፤ ማን ከማን ቀድቶታል?

ጎህ ሳይቀድ ኮቴ ሰማሁ፣ በጣቱ ጫፍ የሚራመድ።
«ይኸው መጡ» አልኩ፤ ወሽመጤ ቁርጥ አለ፣ ላብ በጀርባዬ ሲወርድ።
መብራት አልበራም።
አንድ እጅ መጣ በጨለማው፣ ሁለት ጣት የጎደለው፤
የተንሸራተተ ብርድ ልብሴን አንስቶ ትከሻዬ ላይ ጣለው።
ቀጥሎ የውኃ ድምፅ፤ ሽማግሌው ሲታጠብ ለሶላት፣
ጣሳውን በመዳፉ ደግፎ፣ ተንኳኩቶ እንግዳ እንዳይነቃበት።

ጣቶቹን የት እንዳጣ ሦስቱንም ቀን አልጠየቅሁም፤
እሱም የማን ልጅ እንደሆንኩ አንዲት ቃል አላነሳም።
ሚስቱ ሮሐና ብቻ፣ የሳጎ ገንፎ ስታቀርብ፣
ዓይኔን አየችና «ቁርጥ ያን ሰው» አለችው በሹክሹክታ፤
ማንኪያው እጄ ላይ ቀረ፣
የሰማሁትን እንዳልሰማሁ ሆኜ በላሁ።

በአራተኛው ቀን ሩስዲን ጀልባው ጋ አገኘሁት፤
ዓይኑ ቀልቷል።
«ተኛህ?» አልኩት።
«በጫማ» አለኝ። ሳቅን፤
ትኬት ቆራጯ እስክትቆጣን እንደ እብድ ሳቅን።
ከዚያ ወደ ውኃው ዞሮ፣
«አረንጓዴው የኔ ነበር» አለኝ።

ዓለም አልተለወጠም። ከሠላሳው ግማሹ ሥራ ፍለጋ ተበተነ፤
አንዷ ከሃዲዎች ብላ ሰደበችን፤ አዳራሹ የሲሚንቶ መጋዘን ሆነ።
ሰርተፍኬቱን ምስጥ በላው።
የተረፈኝ አንድ ስልክ ቁጥር ነው።

ባለፈው የዝናብ ወር፣ ማታ፣ ወሬ ከስልክ ስልክ ዞረ፤
«ድልድዩ ጋ ሰው ገደሉብን!» ሰፈሩ ቆንጨራ መፈለግ ጀመረ።
ደወልኩ።
«ሩስዲ፣ ድልድዩ ይታይሃል?»
«ቆይ» ይላል፤ ሲሮጥ ትንፋሹ ይቆራረጣል።
«ሞተር ተንሸራቶ ነው፤ ሰውዬው ተቀምጦ ሲጋራ ይለምናል።»
ፎቶውን ላከ።
አባቴ ስልኩን አርቆ፣ አቅርቦ፣ ዓይኑን አጥብቦ አየው፤
«ማነው የላከልህ?» አለኝ።
«እነሱ» ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።
«ሩስዲ» አልኩት።

ቆንጨራውን ወደ ጓዳ አልመለሰውም፤
በሩ ጥግ አስደገፈው።
እሱንም ቢሆን ከአባቴ አልጠበቅሁም።

ሳንተኛ ነጋ። አዛኑ ውኃውን ተሻግሮ መጣ እንደ ወትሮው፤
እኔ ግን ከሥሩ ሌላ ድምፅ ፍለጋ ጆሮዬን አቆምኩ፦
ሦስት ጣት ያቀፉት ጣሳ፣
እንዳይንኳኳ ሲጠነቀቅ።