ቡኒ፣ እንደ ምን?

ከመተማ ቆላ፣ ከአንድ የሰሊጥ ነጋዴ የገዛኋት ጃዋ፣
ባሕር ዳር ስትገባ ሳል ያዛት፤ ተቀየረ ጠባይዋ።
ከሹም አቦ እስከ ዓባይ ድልድይ ሦስት ጊዜ ቆመች፣
በቆመች ቁጥር ጥቁር ጢስ በመንገደኛ ፊት ተፋች።
«ጢስ ዓባይ በዚያ ነው!» አሉኝ የባጃጅ ልጆች እየሣቁ፤
እኔም ቻል አድርጌ ገፋኋት፣ ከአስፋልቱ እስከ ሐይቁ።

እዚያ ነው የአዝመራው ጋራዥ፤ አንድ ዋርካ፣ አንድ ቆርቆሮ፣
ከደንገል አጫጆቹ ጎን፣ እንዲያው የቀረ ከዱሮ።
ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ እጁ ግን መንገዱን አልረሳ፤
ካንዴላዋን በጨርቅ ይዞ ፈታ፣ ወደ አፍንጫው አነሣ።
«አንብብልኝ» አለኝ፤ «ጫፏ ላይ ያለችውን ሸክላ።»
«ጥቁር» አልኩ። «ጥቁርማ ስንት ዓይነት አለ፤ እንደ ምን? እስቲ በላ!
እንደ ድስት ቂጥ ጥላሸት? ወይስ እንደ ረጠበ ከሰል?»
ጣቴን አስነካሁ። ደረቅ ነው፣ የኩራዝ ጭስ የሚመስል።

«ጠግባለች» አለ። «የለመደችው የቆላ አየር ወፍራም ነው፣ የእኛው ቀጭን፤
ትንፋሽ ሲያጥራት ጊዜ ማን ቀነሰላት የቤንዚን መጠን?»
ከከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ አንዲት የናስ ጂግለር አወጣ፣
ቀዳዳዋ ጤፍ የማታሳልፍ፤ ቁጥሯን በጥፍሩ ዳብሶ መጣ።
«ሂድ» አለኝ፣ «በጢስ ዓባይ መንገድ፤ ጋዙን እስከ ጥጉ ጠምዝዝ፤
እንደጋለበች እሳቷን አጥፋ፣ ፍሪሲዮን ሳብ፤ አትፍዘዝ።
ዝግ ብላ ከጠፋች ትዋሻለች፤ ሩጫ ላይ የሞተች ነች እውነተኛ።»
ሄድኩ። አጠፋኋት። ፈታሁ። እየገፋሁ መጣሁ ለሁለተኛ።

«አሁንስ?»
«ነጭ።»
«ነጭ እንደ ምን? እንደ ወተት? እንደ አመድ?»
«እንደ በረሃ አጥንት።»
«ርባታለች!» አለ፤ «ፒስተኑ ይቀልጣል፤ ጾም አበዛንባት።»
በሁለቱ መሃል ያለችውን ጂግለር ፈልጎ ገጠመላት።

ለሦስተኛ ስመለስ ጀምበር ዘጌ ደን ላይ ደርሳለች፤
ሐይቁ የክረምት ጎርፍ ጠጥቶ ደፍርሷል፤ ጉማሬ አንዴ ተነፈሰች።
«ቡኒ» አልኩ።
«ቡኒ፣ እንደ ምን?»
ዝም አልኩ። እንደ ሰርገኛ ጤፍ? እንደ ዳቦ ቅርፊት?
ዓባይ ሳይቀላቀለው ያቋርጠዋል እንደሚሉት ሐይቅ?
ወይስ እንደ ራሱ ግንባር፣ በዚህ ሰዓት?
«ጠይም» አልኩት በመጨረሻ፤ «ሰው የሚያሳብድ ጠይም፣ ጥርት ያለ።»
ሣቀ። ካንዴላዋን መዳፉ ላይ አስተኝቶ ሙቀቷን እያዳመጠ፣
«ስንት ሰዓት ነው?» አለ።
«ዐሥራ ሁለት ሊሆን ነው።»
«በዚህ ሰዓት ሁሉም ጠይም ነው፤ ሐይቁም፣ ዋርካውም፣ አንተም።
ነገ ረፋዱ ላይ ና። በዚህ ብርሃን እኔ አልፈርምም።»

አንድ ጊዜ ረገጥኳት፤ ተነሣች።
ጆሮውን ወደ ማርሚታው አዘንብሎ ቆየ፣
ምንም አላለ።