ለታድሎ፣ ከመምጣትህ በፊት

አርብ ከሰዓት አትድረስ፣ ትኬት ስትቆርጥ አደራ፤
ጀንበር ገና ሳታዘቀዝቅ ባቡሩ ይፈታል ሥራ።
እሑድ ና፣ ሰኞም ይሆናል፤ ብቻ በሰንበት ዋዜማ
ሻንጣ ይዞ ለቀረ ሰው ጆሮ የላትም ከተማ።

የቴል አቪቭ መናኸሪያ ሰባት ፎቅ ነው፣ ጉድ ነው ሥራው፤
ምድር ቤት የገባህ መስሎህ ከአራተኛው ላይ ነህ ለካው።
የገነባው ሰውዬ አሉ፣ መውጫውን ፈልጎ አጥቶ
እዚያው ጫማ ይጠግናል፣ ትንሽ ሱቅ ተከራይቶ።

ከጠፋህ ሰው አትጠይቅ፤ የማያውቁትም ያውቃሉ፤
አንዱ ግራ፣ አንዱ ቀኝ ብለው፣ አንተን ትተው ይጣላሉ።
ፀሐይ ወደምትጠልቅበት ሂድ፤ መንገዱ ሲያልቅ ባሕር ነው።
ፊትህን ለውሃው ስትሰጥ ኢዮጴ በግራህ ናት፣
ዮናስ ከአምላኩ ሊሸሽ መርከብ የተሳፈረባት።
(እሱ እንኳ፣ ያን ያህል ቸኩሎ፣ ሂሳቡን ከፍሎ ነው።)

ጩኸት ብትሰማ ጠብ አይምሰልህ፣
ስለ ልጆቻቸው ጤና ይጠያየቃሉ።
አምስት ጣቱን እንደ እምቡጥ ሰብስቦ
ወዳንተ የነቀነቀ ሰው አልሰደበህም፤
«ቆይ አንዴ» ማለቱ ነው።
ስኩተር ከኋላህ ይመጣል፣ በእግረኛ መንገድ፣
ድምፅ የለውም፣ እንደ ዕዳ።

ገበያ ከወጣህ አርብ ቀትር ይሁን፤
ሻጩ ድንኳን ሊያጥፍ ሲል የወይኑ ዋጋ በየደቂቃው ይወርዳል።
ደስታህን በፊትህ አታሳይ። ያያል።

አራት ቁጥር ታክሲ፣ የኔዋን፣ ስትሳፈር፣
መጀመሪያ ተቀመጥ። ከዚያ ሸቀልህን
ከፊትህ ላለው ትከሻ አቀብል።
ጥፍሯን ከተቀባች ልጅ ሲሚንቶ ወደ ጠጣ መዳፍ፣
ከወታደሩ ወደ አሮጊቷ፣ እኔ ዘንድ ይደርሳል፤
መልሱም በመጣበት እጅ ሁሉ ተመልሶ ይሄዳል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነዳሁ።
በዚህ አገር ሰው በደመና ቅርፅ እንኳ ይከራከራል፣
ያች መልስ ግን ጎድላ አታውቅም።
ጎድላ አታውቅም ስል፣
አንዴ አሥር አጎሮት ጠፍታ ሙሉ ታክሲ ወርዶ ፈልጓል።

ይህን ሁሉ ስመክርህ ብልህ ሆኜ እንዳይመስልህ።
እኔ የደረስሁት አርብ ማታ ነው።
አለንቢ መንገድ፣ ፌርማታው ላይ፣ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ
አውቶቡስ ጠበቅሁ። በየመስኮቱ ሻማ በራ፣
የሰው ራት ሽታ ከላይ ወረደ፤
እኔ እጠብቃለሁ።
ፕሮስፔር የሚሉት ሞሮኳዊ ታክሲውን አቁሞ ጮኸብኝ፣
ጣቶቹንም ሰብስቦ ነቀነቀብኝ።
ጡጫዬን ጨብጬ ተነሣሁ።
ለካ መኪናውን ወደ ኋላ ሊመልስልኝ ነው!
ሂሳብ አልተቀበለኝም።
ዛሬ የምይዘው መሪ የሱ ነበር።

ባሕሩን ንቀህ እንዳትገባ፤ ጣና አይደለም፣ ይስባል።
ነጭ ባንዲራ ካየህ ግባ፤
ቀይ ከሆነ ከጉልበትህ አትለፍ፤
ጥቁር ከሆነ አሸዋው ላይ ቁጭ በልና ሐብሐብህን ብላ።
ሐምሌ ላይ እንደ ወለቀ ሻሽ የሚንሳፈፍ ነገር አለ፣
የባሕር ሳማ ነው፤ ራቀው።
ጠባቂው ከማማው ላይ በድምፅ ማጉያ ይቆጣሃል፣
ስምህን እንኳ ሳያውቅ። ታዘዘው።

ከየት አወቅህ ትል ይሆናል።
ከተሳፋሪ ነው፤ እርጥብ ፎጣ ይዘው ይገባሉ፣ ያወራሉ፣
ወንበሬን አሸዋ ያለብሱታል።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ከጎኑ ተመላለስሁ፣
ባሕሩ ከቁርጭምጭሚቴ አላለፈም።

ስለዚህ ሻንጣህ ከከበደ በርበሬውን ቀንስ፣
እናትህ ትቆጣ።
ፎጣ ግን ሁለት አድርግ።
ማክሰኞ ሥራ የለኝም። በጠዋት፣ ሰው ሳይበዛ፣
ባንዲራው ነጭ ከሆነ፣
ቀድመህ ግባና እጅህን ስጠኝ።
ቢጮህብንም፣ ስማችንን አያውቅ።