ስልሳ አንድ ገጽ

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣
ማራገቢያው ሲያጉረመርም፣ ክፍሉ በጣና ሽታ ሲሞላ።
«ለአቶ ታዘብ ስንሻው፤
ባሉበት፤
ጉዳዩ፦ ከምርመራ ሥራ ስለማንሳት።»
ፕሬዚዳንቱ ከኋላዬ ቆመው፣ ጥርሳቸውን በስንጥር እየጎረጎሩ፣
«ምክንያቱን ክፍት ተዪው፤ ኋላ ይሞላል» አሉ፣ ወደ ሐይቁ እየዞሩ።

የአስጋሪዎች ዩኒየን ነው ቤታችን፤ ሰፊ አይደለም ግዛቱ፣
አንድ ፎቅ፣ ሁለት የበረዶ ቤት፣ አንድ ማኅተም ነው ሀብቱ።
ግን ለጉንዳን ኩሬም ባሕር ነው፤ ወንበሩን ስለምናውቀው፣
«ይማርዎ» እንላለን፣ ገና ሳያስነጥሳቸው።

ታዘብ የያዘው አርባ ጃኬት ነበር፤ ያንን ብርቱካንማ፣ ተንሳፋፊውን፣
በደረሰኝ የተገዛውን፣ በዐይን ግን ያልታየውን።
ከደቅ የተነሣችው ጀልባ በሌሊት ነፋስ ተገልብጣ፣
አምስት ሰው ሰጠመ፤ ከውኃው አንዲት ጃኬት ሳትወጣ።
እሱም መጋዘን ገብቶ ቆጠረ፤ አቧራ፣ መረብ፣ የነተበ ገመድ፤
ደረሰኙ ላይ ያለውን ሱቅ ፈለገ፤ ያገኘው የፍየል መንገድ።
«ጃኬቶቹ የት ናቸው?» አለ፤ ድምፁን አላነሣም፣ አልዛተም፤
ሪፖርቱን ለሟቾች አርባ ቀጠረ፤ ቀኑንም አልደበቀም።

ወደቡ ዳር መረብ ሲጠግኑ ሰማሁ ሰዎች ሲሟገቱ፦
«የቀጠረ ያሰናብታል፤ ሥልጣን አይደል ወይ የቤቱ?»
ጠበቃው ልየው ደንብ ጠቀሰ፤ «አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ፤ ግልጽ ነው፤
የተፈቀደለትን የሠራ ሰው፣ ፍትሕን በምን አደናቀፈው?»
ታንኳ የሚያስረው አያ ይመር፣ ደንገሉን ከጥርሱ አውጥቶ፣
«ጨራጨራ በር አለ» አለ፣ ወደ ዓባይ መውጫ አይቶ።
«በሩ ያንተ፣ ቁልፉም ያንተ፤ ውኃ መልቀቅም ሥራህ ነው።
ታች ሰው እየተሻገረ፣ እያየኸው ብትለቀው፣
ዳኛው የሚጠይቅህ የቁልፉን ነው ወይስ የሰውየውን?»
ልየው ሳቀ፤ «ማየቱንስ ማን አየ፣ አያ? ማን ገልጦ አየው ልቡን?»

ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። የገዛሁት ቆሮሶ ከእጄ ይንጠባጠባል።

ልብማ አይታይም፤ እውነቱን ነው። ግን በአፍ ያመልጣል ሲቸኩል፦
«ከአርባው በፊት ይድረሰው፤ ምክንያት አይጠፋም» ሲል።
ያ ባዶ መስመር ነው እንግዲህ፤ በምክንያት ፋንታ ነጥብ ነጥብ።
በማግስቱ «ለሥራ ቅልጥፍና» ብዬ ሞላሁት፤ በትእዛዝ፣ ያለ ሐሳብ።

ታዘብ አልተከራከረም፤ መነጽሩን በሸሚዙ ጠርጎ፣
«ርክክብ እናድርግ» አለኝ፣ ዶሴውን ፊት ለፊቴ አድርጎ።
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… ጣቱን እያራሰ፤ የሚቸኩልም አይመስል፣
ስልሳ አንድ ላይ እስክሪብቶ ሰጠኝ፤ «እዚህ ጋ ፈርሚልኝ» ሲል።
ፈረምኩ።
በመስኮት አየሁት፣ ከዘምባባው ሥር ባጃጅ ሲያስቆም፤
ስለ እንጀራው ያልተሟገተ ሰው፣ ስለ አሥር ብር ሲከራከር ቆሞ።

አርባው ዛሬ ነው። የደቅ ሰዎች በጠዋት ጥቁር ለብሰው ወረዱ፤
ፕሬዚዳንቱ ሁለት በግ ላኩ፤ ቀጥሎም ሊያጽናኑ ሄዱ።
ቢሮው ጭር ሲል ካቢኔቱን ከፈትኩ፤
ዶሴው አለ። ቀጭን መሰለኝ።
ጣቴን አርሼ ቆጠርኩ፤
ሃምሳ ስምንት።
እንደገና።
ሃምሳ ስምንት።

ማደናቀፍ ይሁን አይሁን፣ ልየውና አያ ይመር ይከራከሩ፤
የሚጠይቀው ተነሥቷል፤ የሚጠየቀው አለ በወንበሩ።
እኔን ግን እስካሁን የጠየቀኝ የለም፤
ፊርማዬ ስልሳ አንድ ይላል።