ከማጠቢያው ሥር

ሠላሳ አንድ ዓመት በጀርባዬ ተኝቼ፣
የቫሌ ዴ ሲንዛን ሆድ ዕቃ አይቼ፣
አውቃለሁ ማን ጓዳ ምን እንደሚወርድ፣
ማን ወይን እንደሚደፋ፣ ማን ደብዳቤ እንደሚቀድ።

ከላይ ሲያዩትማ ከተማው በኖራ
ነጭ ለብሶ ቆሟል፣ ደወሉ ሲጠራ።
አደባባዩ ላይ ባርኔጣ ይወልቃል፣
የተቀያየመም ጥርሱን ገልጦ ይስቃል።
ቱቦው ግን አይስቅም፤ ይውጣል፣ ያስቀምጣል፣
ቀን የጎደለ ለት ሽቅብ ያመጣል።

ማክሰኞ ጠዋት ነው፣ ዴኦሊንዳ ደውላ
«ውሃው አልወርድ አለ» አለችኝ ተቻኩላ፤
የውል አዋዋዩ መበለት፣ የመዘምራን መሪ፣
ቅዳሜ ቅዳሜ የመንበሩን አበባ ቀያሪ።

ባልዲዬን ደግኜ የቱቦውን ክርን ፈታሁ።
ፀጉር። የወይራ ፍሬ።
የከረመ ስብ፣ እንደ ሰም የረጋ።
ሰሙን በጥፍሬ ብፍቀው
ወርቅ ወጣ።

ቀለበት። ውስጡን በአውራ ጣቴ ጠረግኩት፤
«ኪቴሪያ» ይላል።
ኪቴሪያ የፋውስቶ ሚስት ናት፣ የዘይት መጭመቂያው ጌታ፤
ይህ ቀለበት ደግሞ፣ ዐሥራ አንድ ዓመት ሊሆነው፣
«ወይራ ለቀማ ላይ ተሰረቅኩ» ያለው ነው።

አገር ተጠራርቶ አፈር በወንፊት ነፋ፤
አብሬ ነፋሁ እኔም፤ ቀለበት ግን ጠፋ።
ከዚያ ጣት ተቀሰረ። ጣት መቼም ሌባ አያጣ፤
የአንድ የቀን ሠራተኛ፣ የዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ፣
ኪሱ ተገለበጠ፤
ሦስት የወይራ ፍሬ ወጣ።

«አልወሰድኩም» አለ።
«አልወሰደም» ያለ ሰው ግን አልነበረም።
እኔም ዝም አልኩ።
በዚያው ሌሊት በአውቶቡስ ወደ ሊዝበን ሄደ፤
ለገና ፖስት ካርድ ይልካል፣ ለእናቱ ብቻ።
ስሙ ዛካሪያስ ነው።
አባቱ እኔ ነኝ።

«ምን ነበር?» አለችኝ ዴኦሊንዳ።
ከታች ሆኜ የሚታየኝ ጫማዋ ብቻ ነው፣
ጥቁር፣ በደንብ የተወለወለ።
«ፀጉር ነው» አልኳት።
ጫማው ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም።
«ፀጉር» አለች ደግማ፣
ለቄስ ተሰጥዎ እንደምትመልስ ሁሉ።
ሃያ ዩሮ አስበልጣ ከፈለችኝ።
አልመለስኩላትም።

እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣
ፋውስቶ ባርኔጣውን አወለቀልኝ።
እኔም አወለቅኩ። ጥርሴን ገልጬ ሳቅኩ።
አንዱ እጄ ኪሴ ውስጥ ነበር፣
ትንሿ ጣቴ
የኪቴሪያን ስም አጥልቃ።