ውሃ የሚያነሳ ክርክር

ደቻቱ ሲደርቅ መንገድ ነው፤
ከከዚራ ወደ መጋላ ባጃጅ የሚያቋርጠው፣
ልጅ አሸዋው ላይ ኳስ የሚለጋው፣
ነጋዴ ቦንዳውን የሚዘረጋው።
ሲመጣ ግን አይጣራም፤
የድሬ ሰማይ ኮከቡን እንደደረደረ፣
አንዲት ጠብታ ቆርቆሮ ሳትነካ፣
ደንገጎ ላይ ሲዘንብ ያመሸው ውሃ
ተኝተን ያገኘናል።

የእኔ ሥራ ሌሊት አለመተኛት ነው።
ለገሃሬ፣ ከድሮው ባቡር ጋራዥ ጀርባ፣
አንድ ማራገቢያ፣ አንድ ስልክ፣ የሳይረኑ ቁልፍ፣
እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ እንሽላሊት።

ረምዚ ቀድሞ መጣ፤
(የድሬ ልጅ ነው፤ አንቱታ ምላሱ ላይ አልበቀለም።)
«አስካለ» አለኝ፣ «ሌሊት የሰው ጭንቅላት ይዝላል፤
አሥራ አንድ የውሃ መለኪያ፣ የዳመናው ፎቶ፣ የአፈሩ ርጥበት፣
ይህን ቋጠሮ ለማሽኑ ተይው፤ እሱ ይፈታል።
ላንቺ አንዲት መብራት ትበቃለች፤
አረንጓዴ ስትሆን ሻይሽን ጠጪ፤
ቀይ ስትሆን ቁልፉን ተጫኚ፣ ውጪ።»

ሂንዲያ ከት ብላ ሳቀች።
«አረንጓዴው ለምን አረንጓዴ እንደሆነ
ማንን ልትጠይቅ ነው? አምፖሉን?»
እሷ ደግሞ ተራራውን እንዳለ ስክሪኑ ላይ አነጠፈችው፤
እያንዳንዱ ገባር በአገሬው ስም፣
መለኪያው መቼ እንደተናገረ፣ አምና ስንቴ እንደዋሸ፣
ዝናቡን በጣት ጨምረሽ ቀንሰሽ
ጎርፉ የት እንደሚደርስ የምትሞክሪበት።
«መነጽሩን እንኪ» አለችኝ፣ «ዓይኑ ያንቺው ነው።»

በሳምቡሳ ዘይት የወዛ ጣታቸውን እየቀሰሩ
እስከ ስድስት ሰዓት ተከራከሩ።
የሱም ውሃ ያነሳል፤ የሷም ውሃ ያነሳል።
ደቻቱም ያነሳል፤
ግንድ ያነሳል፣ ባጃጅ ያነሳል፣
የተኛን ሰው ከነአልጋው ያነሳል።

ነሐሴ አጋማሽ፣ አንድ ማክሰኞ ሌሊት፣
ሁለቱም ሥራቸውን ጎን ለጎን ትተውልኝ ሄዱ።
የረምዚ መብራት እንደ ሎሚ ቅጠል አረንጓዴ።
የሂንዲያ ተራራ አርባ ቁጥር፣ አርባ መስመር፣
ሲያጥር ሲረዝም፣ ሲቀላ ሲዳምን፤
ዓይኔ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲዘል ደከመ፤
ጎርፉ ከወንዙ ቀድሞ ክፍሌ ገባ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ።
ኢብሳ ነበር፣ ጫቱን አራግፎ ወደ አወዳይ የሚመለስ፤
«እትዬ! መለኪያሽን ውሃው ነቅሎት ሄዷል፤
የእኔንም ጎማ እየላሰ ነው፤ ምን ትጠብቂያለሽ?»
ተጫንኩት።
መዳፌ እስኪነጣ ተጫንኩት።

ሰው አልሞተም። አሥራ ሰባት ፍየል፣
የአንዲት ሴትዮ ሦስት ቦንዳ፣ የመስጊዱ የጓሮ አጥር።

ሲነጋ ሁለቱ ጭቃ ለብሰው መጡ።
ሰባተኛው መለኪያ ሁለት ሰዓት ሙሉ ዝም ብሎ ነበር፤
የረምዚ ማሽን ዝምታን ድርቀት ብሎ ቆጠረው፤
የሂንዲያ እውነቱን ጽፎታል፤
ከታች፣ ከጥግ፣ በግራጫ፣ እንደ ጉንዳን ዱካ።

ወዲያው እንደገና ጀመሩ፤
እሱ «ዝምታንም ቀይ አደርገዋለሁ»፣
እሷ «ግራጫዋን አጎላታለሁ»፣
እሱ «ሌላ መስመር ልትጨምሪባት?»፣
እሷ «ሌላ አፍ የሌለው አምፖል?»
እግሬን ከጭቃው እየነቀልኩ
«ልጆች» አልኳቸው፣
«ሲያውቅ አሳጥሮ የሚነግረኝ፣
ሳያውቅ ሲቀር ደግሞ
‹አላውቅም፣ ተነሺና አብረን እንይ› ብሎ
ትከሻዬን የሚወዘውዘኝ ሥሩልኝ።»

ተያዩ።
«እሱማ ከባድ ነው» አሉ፣
በሰባት ወር ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ አፍ።

ከሰዓት አሸዋው ከዳር ከዳር መንጣት ጀመረ፤
አንድ ልጅ ኳሱን ታቅፎ፣ ጭቃው እስኪደርቅ ቁጢጥ ብሏል።
እኔም የኢብሳን ስልክ ቁጥር በፕላስተር
ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፍኩ፤
የመብራቷን ግማሽ ሸፈነው።