ያለ ጭስ

ኦዴል በካንሳስ ሲቲ፣ ከባቡር ሐዲዱ ማዶ፣
አርባ አንድ ዓመት ጎድን ጠበሰ፣ በሂከሪ ግንድ ማገዶ፤
ሳንባው ጠቁሮ ቀረ፣ እንደ ጡብ ምድጃው ግድግዳ፣
ዛሬ በቱቦ ነው፣ ትንፋሽ የሚቀዳ።
ሾርባ እንኳ ቢቀርብለት፣ ሳል ሳያቋርጠው አይጨርስም።
"ክብሪት እንዳይጫር፣ ከአንተ በአሥር እርምጃ"
ብሎ ሐኪሙ ዘጋ፣ የኦዴልን ምድጃ።

ልጁ ቨርኒስ መጣች፣ ገና ጎህ ሳይቀድ፣
ባለ ጅራት ድስት ይዛ፣ በሶኬት የሚነድ።
"ምንድን ነው?" አላት። "ድስት ነው አባባ።"
"እሳቱስ የታለ?" "በሽቦ የሚገባ።"
"ጭሱስ?"
ዝም አለችው። የአሳማ ጎድኑን ገለበጠች፣
ከጀርባው ያለውን ስስ ሽፋን ላጠች፣
በወረቀት ይዛ፣ እንዳያዳልጣት፣
በዘጠኝ ዓመቷ እሱ እንዳሳያት፣ ጠርዙን ይዞ በጣት።
ቡናማ ስኳርና ሰናፍጭ፣ ፓፕሪካ ጨምራ አሸች፣
ኮምጣጤውን ከቲማቲም ድልህ ጋር አፈሰሰች።
"ስምንት ሰዓት ይፈጃል። ክዳኑ አይነካም፤
በከፈትከው ቁጥር ግማሽ ሰዓት ይከስራል፣ ያ ደግሞ አይተካም።"
በሩ ተዘጋ።

ኦዴልና ድስቱ፣ ፊት ለፊት ተፋጠጡ፣
ሁለቱም ከአንድ ሶኬት ሕይወት እየጠጡ።
የእሱ መሣሪያ እፍ ይላል፣ የድስቱን ክዳን ያልበዋል፣
የትኛው የትኛውን እንደሚጠብቅ ማን ያውቃል።
በአራተኛው ሰዓት ሽታው ሳሎን ገባ።
እጁ በልማድ ተነሥታ፣ መቆስቆሻ ፈለገች፤
የሚቆሰቆስ የለም፣ ጉልበቱ ላይ ተመለሰች።
ድሮ እሳት ያናግረው ነበር፤ ሲቆጣ ውኃ ይረጨዋል፣
ሲያኮርፍ እንጨት ይሰጠዋል፣ ሌሊቱን አብሮት ያመሸዋል።
ይህኛው ምን ይባላል? አይቆጣ፣ አያኮርፍ፣
እንደ ጨዋ እንግዳ፣ አንገቱን ደፍቶ የሚያርፍ።
ሁለቴ ከፈተው። አንዴ ለማየት ነው፤
አንዴ ግን፣ እንፋሎቱ ፊቱን እንዲያጥበው።

ቨርኒስ ማታ ገባች፣ የአውቶቡስ ሹፌር ኮቷን ሳታወልቅ
በሹካ ነካ አድርጋ አየች፣ ሥጋው አጥንቱን እንደሚለቅ።
"አንድ ሰዓት ይቀረዋል። ሁለቴ ከፍተሃል።"
"አንዴ!"
"አባባ።"
"እሺ፣ ሁለቴ። ድስትም እኮ ሰው ይናፍቃል።"
ጠበቁ። ኋላም እሱን ከሙቀቱ አርቃ፣
ኦቭን ውስጥ ከተተችው፣ ለሰባት ደቂቃ፣
ስጎው ጫፍ ጫፉ ላይ እስኪያር፣ እስኪጣበቅ።

ጎረሰ። አጥንቱ እጁ ላይ ቀረ፣ ሥጋው አፉ ውስጥ ቀለጠ።
"ጭስ የለውም" አላት፣ ጣቱን እየመጠጠ።
"የለውም" አለችው።
ሌላ አነሣ።
"ጨውም ይጎድለዋል።"
ሌላ አነሣ።
አጥንቱ በሳህኑ ጠርዝ፣ እንደ ሐዲድ እንጨት ተደረደረ፤
ቨርኒስ ዘጠኝ ቆጠረች። ሳሉን ጠበቀች። ቀረ።