የቱ ይፈጥናል

ማናማ፣ ሰባተኛ ፎቅ፤ መስኮቱ አይከፈትም።
ሐኪሙ ይናገራል፣ እኔ ለአንሻ እመልሳለሁ፦

"አንዱ በደም ሥር ነው፣ ጠብ ጠብ የሚል ጠብታ፤
አርባ ደቂቃ ገላሽ ካንቺ ይርቃል፣ ይመለሳል በዝግታ።
ሌላው መብራት ነው፤ አስተኝተውሽ፣ ራስሽ ላይ፣ ለአፍታ፤
ጠንካራ ነው፤ ግን ሊወስድ ይችላል አንዳንድ ትዝታ።"

"ኪኒኑስ?"
"ሳምንታት ይፈጃል።"
ሳቀች። "እኔ ሐሙስን ማለፌን እንጃ።"

ደግሞ፦ "መብራቱ የቱን ነው የሚወስደው?
የማዳሜን ቤት ደረጃ ከሆነ፣ ይውሰደው፤
እናቴ 'አንሽዬ' የምትለኝን ከሆነስ?"

ዐረብኛዬ አለቀ።
ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ ጠበቀ።

ጠብታውን መረጠች።
ማታ፣ መርፌው ከተነቀለ በኋላ፣
ፊቷን ከግድግዳው መለሰች፤
"ነገም አንቺ ነሽ የምትመጪው?" አለች።

"ምን አለች?" አለኝ ሐኪሙ።
"ቡክራ" አልኩት።

እንዲህ ፈጥኜ ተርጉሜ አላውቅም።